ችላ የተባለ ማስጠንቀቂያ ምንድን ነው?

አውሬ ሰው በገደለ ቁጥር «አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ ይጠየቁ» የሚል ፍርድ ይከተላል። በዚህ ክርክር የሰሜን ጣሊያኗ የትሬንቲኖ ድብ ያለቦታዋ ስትጠቀስ ማየት ሰልችቶኛል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 ካልዴስ አጠገብ ጫካ ውስጥ ሲሮጥ የነበረ የ26 ዓመት ወጣት በድብ ተገደለ። የዲኤንኤ ምርመራው ገዳይዋ ጄጄ4 የምትባል የ17 ዓመት ሴት ድብ መሆኗን አሳየ። በጁን 2020 አባትና ልጅ ያቆሰለችው እሷው ነበረች። ተንታኙ ታዲያ «ሦስት ዓመት ዝም አሉ» ይላል።

ዝም አላሉም። የክፍለ ሀገሩ ፕሬዚዳንት በ2020 እንድትገደል ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ ያገደው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ማስጠንቀቂያ ችላ ተባለ የሚባለው አደጋው ተለይቶ ሲነገር፣ ቃሉ እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ላለው ሰው ሲደርስ፣ ያ ሰውም በእጁ የነበረውን እርምጃ በቂ ጊዜ እያለው ሳይወስድ ሲቀር ነው። «እዚህ አካባቢ ድብ በዝቷል» የሚለው ጥቅል አቤቱታ ብቻውን እዚህ አያደርስም።

ይህ ማለት ግን ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ፍሬኑ የተበላሸ ሚኒባስ አስቡ። ተሳፋሪው ለረዳቱ ብቻ ቢነግር ባለቤቱ አልሰማም ይባል ይሆናል። ባለቤቱ ሰምቶ መኪናው ይፈረስ ቢልና ፍርድ ቤት ቢያግደው፣ የታገደው ማፍረሱ ነው፤ ፍሬኑን መፈተሽ ማን ከለከለው? ጄጄ4 አንገቷ ላይ የሬዲዮ መከታተያ ነበራት፤ ወጣቱ ሲገደል ግን ባትሪው አልቆ ነበር። መነሳት ያለበት ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፦ ባትሪው ማለቁን ማን አወቀ? ለመተካት ምን ተሞከረ? መንገደኛውስ ተነገረው?

እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መከታተያ ቦታ ይጠቁማል እንጂ ድብ አያስቆምም። ቢሠራ ኖሮ መንገዱ ይዘጋ እንደነበር ካልተረጋገጠ በጥፋቱና በሞቱ መካከል ያለው ሰንሰለት ይበጠሳል። ግልገሎቿን ስትከላከል ሰው የነከሰችና ሳትነካ ሰው ያጠቃች ድብም እኩል አይታዩም፤ የሚጠበቀው እርምጃ ይለያያል።

በእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ይክሳል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጅብ ሰው መተናኮል ከጀመረ ለቀበሌ ዘበኛ በቃል መንገር አይበቃም። ቦታውን፣ ሰዓቱንና እንስሳው ያደረገውን ጽፋችሁ፣ ሥልጣኑ ላለው መሥሪያ ቤት ገቢ አድርጉ፤ ቁጥርና ቀን የተመታበትን ግልባጭም ያዙ። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ የካሳ ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው።