በገዛ እጅ የተሠራን የአሉሚኒየም አውሮፕላን መወልወልና መቀባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አውሮፕላን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ዓመታት ሙሉ ላሜራ ሲቆርጥ፣ ሲበሳ፣ ሪቬት (ላሜራዎችን የሚያያይዝ ሚስማር) ሲመታ ይከርማል። ወደ ማለቂያው ሲደርስ ታዲያ «ከዚህ በኋላ የቀረው ውበቱ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀለሙም ሆነ ውልወላው የአውሮፕላኑን ክብደት፣ ሚዛንና ዕድሜ ይነካል። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«አሉሚኒየም አይዝግም»

እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም እንጂ ይበላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁበት መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ለአውሮፕላን ቆዳ በብዛት የሚውለው 2024 የተባለው ቅይጥ 4 በመቶ ያህል መዳብ አለው። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከመዳቡ ነው፤ ቶሎ እንዲበላ የሚያደርገውም ያው መዳብ ነው። ለዚህ ሲባል ፋብሪካው የላሜራውን ሁለት ፊት በንጹሕ አሉሚኒየም ይለብጠዋል። አልክላድ የሚባለው ይህ ነው። ስስ ላሜራ ላይ ልባጡ በእያንዳንዱ ፊት ከጠቅላላው ውፍረት 5 በመቶ ገደማ ነው። ላሜራው 0.6 ሚሊሜትር ከሆነ ልባጡ 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከፀጉር ይቀጥናል።

«ጭረት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማጥፋት ነው»

ልባጡ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሁን አይተናል። ትንሽ ጭረት ቢኖርበት እንኳ ዙሪያው ያለው ንጹሕ አሉሚኒየም ራሱ ቀድሞ እየተበላ የውስጡን ይጠብቃል። ያቺን ጭረት ለማጥፋት መዳፍ የሚያህል ቦታ ስትፈገፍጉ ግን ጠባቂውን አነሳችሁት። ስለዚህ ተወልውሎ የሚቀር አውሮፕላን ላይ ጥቃቅን ጭረቶችን እተዋቸዋለሁ። የብረት ሽቦ ብሩሽማ ጭራሽ አይነካውም። የብረት ብናኙ አሉሚኒየሙ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ መበላቱም ከዚያች ነጥብ ይጀምራል።

«መወልወል ከመቀባት ይቀላል»

ሞክሩትና እጃችሁ ይመሰክራል። ማሽኑ ላይ የሱፍ ጨርቅ ይታሰራል፣ ትንሽ ፖሊሽ ይቀባል፣ ከዚያ ሸካራ ከሆነው ፖሊሽ ወደ ለስላሳው እየተሸጋገሩ እያንዳንዷን ላሜራ ደጋግሞ መሄድ ነው። ጨርቁ በደቂቃ ውስጥ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው ከላሜራው የተፋቀ አሉሚኒየም ነው። ማሽኑን አንድ ቦታ ካቆማችሁት ላሜራው ይግላል፣ የሪቬት ራስ ጠርዝም ይበላል። መጨረሻ ላይ ግን የገዛ ፊታችሁን ክንፉ ላይ ስታዩት ድካሙ ይረሳል፤ ይህን አልክድም።

ችግሩ አንዴ ተሠርቶ አለማለቁ ነው። ብርሃኑ እያደር ይደበዝዛል፣ እንደገና መወልወል ይመጣል። ባሕር አጠገብ የሚቆም ከሆነ እኔ ቀለምን እመርጣለሁ። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ከቀለም ማምለጥ አይቻልም። የፋይበርግላስ ሞተር ሽፋንና የክንፍ ጫፎች ፀሐይ እንዳይጎዳቸው መቀባት አለባቸው። ከመስታወቱ ፊት ያለው ላሜራም አብራሪውን እንዳያንጸባርቅበት ደብዛዛ ጥቁር ወይም ደብዛዛ አረንጓዴ ይቀባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያልተቀቡ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫ ላይ የሚታየው ደብዛዛ ቀለም ለዚሁ ነበር።

«የሚያብለጨልጭ ብረት ፀሐይ ላይ አይሞቅም»

ይሞቃል። የተወለወለ አሉሚኒየም ብዙውን ብርሃን ይመልሳል፤ የገባበትን ሙቀት ግን በጨረር በቀላሉ አይለቅም። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል።

«ቀለም ምን ክብደት አለው?»

በጣም የምፈራው ይህን ነው። ሁለት ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ላይ ቀለም 10 ኪሎ አካባቢ ቢጨምር የሚገርም አይደለም። ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ ግን ቀለሙ የት እንዳረፈ ነው የሚያሳስበኝ። አውሮፕላኑን የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ማለትም ክንፉ ላይ ያለው ኤይለሮን፣ ጭራው ላይ ያሉት ኤሌቬተርና ረደር፣ ብዙውን ጊዜ ከማጠፊያቸው ፊት ለፊት ማመጣጠኛ ክብደት አላቸው። ቀለሙ የሚያርፈው ደግሞ በአብዛኛው ከማጠፊያው ኋላ ነው። ሚዛኑ ከተዛባ በፍጥነት ሲበሩ ፍላተር ሊመጣ ይችላል፦ ክፍሉ ራሱን በራሱ እያባሰ ይርገበገባል፣ በሴኮንዶች ውስጥም ሊገነጠል ይችላል። ስለዚህ ከተቀቡ በኋላ አንድ በአንድ ሚዛናቸው ይታያል። ማስተካከያ ቀለምም ኋላ ላይ ከተጨመረ እንደገና ይታያል። አውሮፕላኑም በሙሉ ዳግም ይመዘናል፤ ጭራው ላይ ያረፈ ቀለም የክብደት ማዕከሉን ወደ ኋላ ይስበዋልና።

«ዋናው ጥሩ ቀለም መግዛት ነው»

ውድ ቀለም በቅባት ላይ ከተረጨ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ላሜራውን አጥባችሁ ንጹሕ ውሃ ድፉበት። ውሃው ወጥ ሆኖ እንደ ስስ መጋረጃ ከወረደ ጸድቷል። ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ገና ቅባት አለ። ካጸዳችሁ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መሠረት፣ ፕራይመሩንም፣ ለነገ አታሳድሩት፤ አሉሚኒየም አየር ካገኘ ወዲያው ኦክሳይድ ያበቅላል። ስቱኮ ሞልቶ ሪቬት መደበቅ ግን ይቅርባችሁ። ክንፍ ይተጣጠፋል፣ ስቱኮ ይሰነጠቃል።

«ጭንብል አድርጌያለሁ፣ በቂ ነው»

ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ፖሊዩሬታን ቀለም ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል አለው። ሳንባ ላይ አስም ሊያስነሳ ይችላል፤ አንዴ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ ትንሹንም አይችለውም። ሽታው ስለማያስጠነቅቅ ማጣሪያችሁ መሙላቱን አታውቁም። ሲረጭ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ሥራውን ላለው ሰው ስጡ።

«ቴፑን በኋላ እናነሳዋለን»

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1996 የፔሩ አየር መንገድ የነበረው የኤሮፔሩ በረራ 603 ከዋና ከተማዋ ከሊማ ተነሳ። አውሮፕላኑ ሲጸዳ የስታቲክ ቀዳዳዎቹ (የውጭውን አየር ግፊት ለመሣሪያዎቹ የሚያደርሱት) ላይ የተለጠፈው ቴፕ አልተነሳም ነበር። ከፍታና ፍጥነት የሚያሳዩት መሣሪያዎች በጨለማ ውስጥ የተሳሳተ ነገር አሳዩ፤ አውሮፕላኑም ባሕር ውስጥ ገባ። የተሳፈሩት 70 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የእናንተ ትንሽ አውሮፕላንም እነዚያው ቀዳዳዎች አሉት። ለመወልወል ወይም ለመቀባት ስትሸፍኗቸው ደማቅ ቀይ ቴፕ ተጠቀሙ፣ ክንድ የሚያህል ጭራ ተዉለት፣ ስንት እንደለጠፋችሁም ወረቀት ላይ ጻፉና መሪው ላይ እሰሩት።