ባክቴሪያው ጂኑን ቀየረው ወይስ ከፈተው?

ደብረ ማርቆስ ባለው የጥናት ቡድናችን ይቺ ጥያቄ ደጋግማ መጣች፦ «ባክቴሪያ ሙቀት ሲበዛበት ጂኑን ይቀይራል አይደል?» አይቀይርም፤ ይከፍታል። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ጋቢን አስቡት። የጮቄ ብርድ ሲመጣ ከሳጥን አውጥተን እንደርባለን፣ ፀሐይ ስትወጣ አጥፈን እንመልሰዋለን። ጋቢው ድሮም ቤት ውስጥ ነበር። ጂኑም እንዲሁ፦ ድሮም አለ፤ ሲያስፈልግ ተነቦ ፕሮቲን ይሠራበታል፣ «ተከፈተ» የምንለው ይህን ነው።

አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ኢ. ኮላይን እንውሰድ። ከ37 ዲግሪ ወደ 42 ብናወጣው የፕሮቲኖቹ ቅርጽ መበላሸት ይጀምራል። ሲግማ 32 የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ሥራው ጂን አንባቢውን ኢንዛይም ወደ ሙቀት መከላከያ ጂኖች መምራት ነው። በደህናው ጊዜ ሕዋሱ ሲግማ 32ን ይሠራዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይሰባብረዋል። (ብክነት ይመስላል፤ ግን ዝግጁ ሆኖ መጠበቂያ ነው።) ሲግማ 32ን ይዘው ለሰባሪው ኢንዛይም የሚያስረክቡት ጠጋኝ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ዋና ሥራቸው የሌሎች ፕሮቲኖችን ቅርጽ ማስተካከል ነው። ሙቀት ሲመጣ እነሱ የተበላሸውን በመጠገን ይጠመዳሉ፣ ሲግማ 32 ይተርፋል፣ ጂኖቹ ይከፈታሉ፤ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ። ጠጋኞቹ በዝተው ሥራው ሲቀልላቸው ደግሞ ተመልሰው ይይዙታል።

በዚህ ሁሉ ከዲኤንኤው አንድ ፊደል አልተነካም። ፊደሉ ከተለወጠ ስሙ ሚውቴሽን ነው፤ ያ በዘፈቀደ የሚመጣ፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጂን መክፈትና መዝጋት በሁሉም ባክቴሪያ ዘንድ አለ። መንገዱ ግን ይለያያል፤ ባሲለስ ሰብቲሊስ ለምሳሌ ሲግማ 32 የለውም፣ የጠጋኞቹን ጂኖች በሌላ ዘጊ ፕሮቲን ነው የሚቆጣጠረው። ፈተና ላይ የተጠየቀው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ እዩ።