አሮጌ ትንሽ መኪና ማደስ፣ ከላሜራው እስከ ቸርኬው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቮልስ፣ ሚኒ፣ ፊያት 500። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው ነው። ቮልስ ብቻውን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሚኒም ከ1959 እስከ 2000 ድረስ ሳይቋረጥ ተመርቷል። ለዚህ ነው ዛሬም ሸራ ለብሰው የቆሙ ብዙ የሚገኙት። አንዱን አንስቶ በገዛ እጁ ለማደስ የሚመኝም ሰው ብዙ ነው።

ይህን ምኞት በጣም እወደዋለሁ። የሚያሳዝነኝ በጥሩ ልብ ተጀምሮ መሃል ላይ የሚቀረው ሥራ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ አምሮ አልቆ በዓመቱ ዝገቱ ብቅ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ሙያ ማነስ አይደለም። ሁሉም ሰው ወደሚያብረቀርቀው ክፍል ይቸኩላል፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩት ምክሮችም ይህን ችኮላ ያባብሱታል። ዋና ዋናዎቹን እናንሳቸው።

«ሞተሩ ከተነሳ መኪናው ዳነ»

አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞተሩን ነው። ይነሳል ወይ? ያጨሳል ወይ? በእነዚህ መኪኖች ግን ሞተሩ ቀላሉ ሥራ ነው። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚታሰረውም በአራት ቦታ ብቻ ነው። የፊያት 500 ደግሞ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው፤ የአብዛኞቹ መጠን ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም። ተፈታ፣ ተጠገነ፣ ተመለሰ።

መኪናውን የሚገድለው ላሜራው ላይ ያለው ዝገት ነው። ሚኒ እና ፊያት 500 ለብቻው የቆመ ሻንሲ (ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም) የላቸውም። ክብደቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳጥን መሰል ላሜራ ከበሰበሰ መኪናው መሃል ወገቡ ላይ ይጎብጣል። ቮልስ ትንሽ ይለያል፤ ወለሉ ለብቻው ነው፣ ቦዲው ከላይ በቡሎን ይታሰርበታል። ግን እሱም ቢሆን በበሮቹ ሥር ባሉት ቦዮች ላይ ይደገፋል። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ተሳፋሪው የሚደርሰውም በእነዚሁ ቦዮች ውስጥ አልፎ ነው። የሚበሰብሱት ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ከላይ ቀለሙ ደህና መስሎ ሊታያችሁ ይችላል።

ስለዚህ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት በሮቹን ተመልከቱ። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? ከዚያ መኪናውን በአንድ ጎኑ በክሪክ አንሱትና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። በሩ ከተያዘ ወይም አልገጥም ካለ ከሥሩ ያለው ላሜራ አቅሙን ጨርሷል። ይህን ክፍል ቆርጣችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በሩ በሚገጥምበት ክፍት ቦታ ላይ የብረት ድጋፍ በይዱ፤ መቁረጥ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ሰው አዲስ ላሜራ በይዶ ሲጨርስ በሩ አልዘጋ ይለዋል። ያኔ የሠራውን እንደገና ማፍረስ ነው።

ስለ ሞተር አንድ ነገር ልጨምር። «የአሮጌ መኪና ሞተር ሁሉ እርሳስ በሌለው ቤንዚን ይቃጠላል» የሚል ወሬ አለ። በጅምላ የሚባል ነገር አይደለም። የቮልስ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ነው፤ የቫልቮላዎቹ መቀመጫ ግን ለብቻው የገባ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ችግር የለበትም። የድሮው ሚኒ ቴስታታ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ መቀመጫው እዚያው ላይ የተቀረጸ ስለሆነ በከባድ አነዳድ ቀስ በቀስ ይበላል። ለእሱ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ወይም ቤንዚኑ ላይ ተጨማሪ ፈሳሽ መጠቀም ተገቢ ነው።

«ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ መቀባት ይበቃል»

ከሁሉም በላይ መኪና ያጠፋው ይህ ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል። ከሥሩ ዝገት ካለ እርጥበቱን እዚያው ይዞ ያቆይለታል። ዝገት ደግሞ ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከታች እያበጠ ስቱኮውን ይገፋዋል፤ ቀለሙ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ይወጣል። አረፋው ሲታያችሁ ብዙውን ጊዜ ከሥር ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ የማያስደስት ነው፤ ግን ሌላ የለም። የተበላውን ላሜራ ንጹሕና ጠንካራ ብረት እስክታገኙ ድረስ ቁረጡ። በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ በይዱ። ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በስሱ፣ የብየዳውን ወጣ ገባ ለማስተካከል። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ካለፈ ላሜራው ራሱ መቀጥቀጥና መስተካከል ነበረበት።

ዝገትን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚቀይሩ ፈሳሾችም አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን የሚሠሩት ላይ ላዩን በያዘ ስስ ዝገት ላይ ብቻ ነው። በቅርፊት የሚነሳ ዝገት ላይ ብትቀቡት ፈሳሹ ወደ ውስጥ አይደርስም።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። በበሮቹ ግርጌና በሥራቸው ባለው ላሜራ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። መኪና ሲታደስ በማሸጊያ ወይም በወፍራም ቀለም ይደፈናሉ። ከዚያ የዝናቡ ውሃ ውስጥ ይተኛል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በሽቦ ክፈቷቸው፤ ወደ ውስጥም የዝገት መከላከያ ሰም እርጩ።

«አንቲሩጂኒ ከተቀባ ለወራት ውጭ ቢቆም ምንም አይሆንም»

ይሆናል። የተለመደው አንቲሩጂኒ (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው የዝገት ቀለም) ላዩ ላይ ቀለም እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ብቻውን ውሃ አይከለክልም። ኢፖክሲ የሆነው በጣም ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ፀሐይ ይጎዳዋል። ሥራው የሚዘገይ ከሆነ መኪናውን ከዝናብ አስጠልሉት። የተጠረገ ባዶ ብረትንም በባዶ እጅ አትንኩ። በላብ ውስጥ ያለው ጨው አሻራችሁን በዝገት ያትመዋል።

«የብረቱም የአሉሚኒየሙም ቸርኬ አሠራሩ አንድ ነው»

ወደ ቸርኬው እንምጣ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘ ብረት ነው፤ በሽቦ ብሩሽም፣ በጠንካራ የብርጭቆ ወረቀትም፣ በአየር ግፊት በሚረጭ ቅንጣትም ልታጸዱት ትችላላችሁ። ካልያዘ ቀስ በሉ። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የቀለም መላጫ አሉሚኒየምን ራሱን ይበላል፤ የሚቃጠል ሃይድሮጂን ጋዝም ያስወጣል። የብረት ሽቦ ብሩሽ ደግሞ ጥቃቅን የብረት ቅንጣት አሉሚኒየሙ ላይ ይተዋል፤ በኋላ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ለአሉሚኒየም በእሱ ላይ እንዲይዝ የተሠራ የመጀመሪያ ቀለም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይላጣል።

ለእሽቅድምድም የተሠሩ አንዳንድ የድሮ ቸርኬዎች ማግኒዚየም ናቸው። የማግኒዚየም ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ውሃ ደግሞ እሳቱን ያባብሰዋል። ከጠረጠራችሁ በጀርባው ትንሽ ቦታ ላይ ቀለሙን ፋቅ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ማግኒዚየም ነውና መሞረጃ እንዳታስነኩት፤ ለባለሙያ ስጡት።

«ቸርኬ ጌጥ ነው፤ ሁለመናውን በደንብ መቀባት ነው»

ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቸርኬውን ቦታው ላይ የሚይዘው የዳዶዎቹ (በአንዳንድ መኪና የቡሎኖቹ) ጭመቃ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቸርኬውን ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሃል ብረት) ጋር ያጣብቀዋል፤ ጭነቱን የሚሸከመው በሁለቱ ፊት መካከል ያለው ሰበቃ ነው። እዚያ መሃል ወፍራም ቀለም ካለ መኪናው ሲሄድ ቀለሙ ይደቅቃል፣ ይሳሳል። ጭመቃው ይቀንሳል። ዳዶው ይላላል። ቸርኬው ይወልቃል።

ስለዚህ ከሞዞው ጋር የሚገናኘውን የጀርባ ፊት እና ዳዶው የሚቀመጥባቸውን ቀዳዳዎች ከመቀባታችሁ በፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው። ዝገት ከፈራችሁ ስስ የመጀመሪያ ቀለም ብቻ ይበቃል። ሞዞው ላይ ያለውን ዝገትና የድሮ ቀለምም አጽዱት፤ ቸርኬው ልጥፍ ብሎ መቀመጥ አለበት።

በነገራችን ላይ ሌላ ቸርኬ ፈልጋችሁ ስትገዙ የቡሎኑን ብዛት እዩ። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከአምስት ቡሎን ወደ አራት ተቀይሯል። መልኩ መመሳሰሉ አያሳስታችሁ።

«ጎማው ሳይወልቅ በፕላስቲክ ሸፍኖ መቀባት ይቻላል»

መቀባቱስ ይቻላል። ግን ዝገቱ የሚወደው ቦታ ጎማው ከቸርኬው ከንፈር ጋር የሚገናኝበት ነው፤ እሱ ደግሞ ተሸፍኗል። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስወልቁት። በዚያው አጋጣሚ የጎማውን ዕድሜ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለው። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ያረጃል፤ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጣሉት። ካላማዳሪ የሚጠቀም የድሮ ቸርኬ ከሆነ የውስጡንም ዝገት በደንብ አለስልሱ። ሻካራው ካላማዳሪውን እየፋቀ ይበሳዋል።

«አንዴ ወፍራም አድርጎ መርጨት ጊዜ ይቆጥባል»

ይንጠባጠባል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። ጊዜ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ዝግጅቱ ላይ አትሰስቱ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቸርኬውን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ ቅባቱን በማስለቀቂያ ጥረጉ። ይህ ከመሞረድ በፊት ነው። ሳይጸዳ ከሞረዳችሁት ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ከዚያ የተጎዳውን ቦታ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180፣ ከዚያ በ320 አለስልሱ። ጣታችሁን አሂዱበት፤ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ቀለም እርጩና ሲደርቅ በ600 በውሃ እያራሳችሁ አለስልሱት።

ዋናው ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ስስ ዙር ነው። በየመሃሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ጣሳው ላይ ሌላ ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ጣሳውን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቁት፤ መርጨቱን ከቸርኬው ውጭ ጀምራችሁ ከቸርኬው ውጭ ጨርሱ። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩት። እሳት አጠገብ ግን በፍጹም፤ ይፈነዳል። ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ጎማ ለማስገባት ጥቂት ቀናት ቢቆይ ይሻላል፤ የጎማ ማስገቢያው ብረት ለስላሳ ቀለምን ይልጠዋል።

«የወጥ ቤት ኦቨን ለዱቄት ቀለም ይሆናል»

የዱቄት ቀለም በደረቅ ዱቄት መልክ ይረጭና 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገራል፤ ሲበስልም ጭስ ያወጣል። ምግብ በሚበስልበት ኦቨን ውስጥ ቦታ የለውም። ለሚሠሩት ሰዎች ስጡት።

«የተሰነጠቀ ቸርኬ በይዶ መቀባት ነው»

በቤት አይሆንም። ቸርኬው ቀለሙ ከተላጠ በኋላ በጥሩ ብርሃን ይታይ፤ በተለይ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ። ስንጥቅ ካለ ቸርኬው አልቆለታል። መጎበጡን ለማወቅ ሞዞው ላይ አስራችሁ አሽከርክሩትና ከንፈሩ አጠገብ አንድ የማይነቃነቅ ነገር አቁሙ። ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ ይታያችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሚኒዎች ቸርኬ 10 ኢንች ብቻ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ይዞራል። ጉብጠቱ መሪው ላይ ቶሎ ይሰማል።

«የአፍ መሸፈኛ ካደረግሁ በቂ ነው»

የጨርቅ መሸፈኛ የቀለም ትነትን አይከለክልም። ለተራ ስፕሬይ ቢያንስ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል እና ነፋሻ ቦታ ያስፈልጋል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀሉት ቫርኒሾች ደግሞ አብዛኞቹ አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለባቸው። ሽታው ስለማያስጠነቅቅ ማጣሪያው መቼ እንዳለቀ አይታወቅም፤ ለዕድሜ ልክ አስም ሊዳርግ ይችላል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መሣሪያ ከሌላችሁ ይህን ሥራ ቤት ውስጥ አትሥሩት።

በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ በደረቁ ሳይሆን በውሃ እየራሰ ይፋቅ። በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ብናኙን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ አርጥባችሁ ጥረጉት። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ላይም ብየዳ አትጀምሩ። በሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ልጆችን ከአካባቢው አርቁ።

«ቀለሙ ከደረቀ ሥራው አለቀ»

ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመስቀልኛ ተራ፣ ለመኪናው በተወሰነው መጠን በኃይል መለኪያ ቁልፍ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሹ። አዲስ ቀለም ያለበት ቸርኬ ላይ ይህን መዝለል አይገባም። ባላንስም አስደርጉት፤ የተላጠውና የተቀባው ሲደማመር ክብደቱ ተቀይሯል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በለስላሳ ሳሙና ብቻ እጠቡት። አሲድ ያለው የቸርኬ ማጽጃ ቀለሙን ያደበዝዛል።