የሐረሪ ክልል ፕሬዚዳንትና የመራጩ ሚዛን

ሐረር ውስጥ “ፕሬዚዳንቱ” ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሐረሪ ክልልን ርዕሰ መስተዳድር ነው። ክልሉ ትንሽ ነው። መሪውን በዓል ላይ፣ ለቅሶ ላይ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የመራጩ አስተያየት ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል።

መራጩ ግን ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 22ቱን በክልሉ የሚኖር መራጭ ሁሉ ይመርጣል። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ እነሱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ናቸው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር። ፕሬዚዳንቱን ለምርጫ የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ነው። በ1999 ቆጠራ ከ183,415 ነዋሪ ሐረሪው ከመቶ 9 አይሞላም፤ ኦሮሞው ከግማሽ በላይ ነው። ይህን በመጥቀስ አሠራሩ ላይ ቅሬታ የሚያነሱ አሉ። ሆኖም ጁገልን፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር፣ ለዘመናት ጠብቆ ላቆየ ትንሽ ሕዝብ ይህ ዋስትና ተገቢ ነው። በ2013 ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉ ሐረሪዎች እንዲመርጡ አልፈቀደም ነበር። ጉዳዩ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ደርሶ ለጉባኤው ተፈረደ። በክልሉ ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው።

በሽግግሩ ዘመን አካባቢው ክልል 13 ይባል ነበር። ከ1987 ጀምሮ አብዱላሂ ኢድሪስ መሩ።

የመራጩ ስሜት እንዴት እንደሚለዋወጥ በደንብ የሚታየው በሙራድ አብዱልሃዲ ዘመን ነው። ሙራድ 13 ዓመት ያህል ቆዩ። ሥልጣን የያዙት ከተማዋ ለአሥርታት ስትጠጣው የኖረችው የሐረማያ ሐይቅ በደረቀበት ሰሞን ነው። የሐይቁ መድረቅ የማንም ፕሬዚዳንት ጥፋት አልነበረም። ባዶ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው ግን ያንን አይቆጥርም። ሕዝቡ አማረረ። በመሃል ሐምሌ 1998 ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያኔ የነበረው ኩራት ልዩ ነው፤ ለፕሬዚዳንቱም ተረፈ። ኋላ ውሃው ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከድሬዳዋ በኩል መጣ። በበርጫው ሁሉ ምስጋና ሆነ። ግን ሐረር ደጋ ናት፣ ድሬዳዋ ቆላ። ውሃው በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል። መብራት ሲጠፋ ቧንቧውም ዝም ይላል። ምስጋናው በዚያው ቀዘቀዘ። በየቤቱ ሮቶ ተሰቀለ። በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ምርጫ የወጣው ውጤት ይህን ሁሉ መውጣትና መውረድ አያሳይም። እሱን ለማወቅ አፎቻ ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል።

አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው። ለሰርግና ለለቅሶ ይሰበሰባል። ጨዋታው ግን ከውሃ፣ ከመሬትና ከሥራ ቅጥር አያመልጥም። አዲስ መሪ ሲመጣ ምርቃት ይበዛል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ “ምን ሠራ?” ይመጣል። ከወረደ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹ “እሱ እንኳን ሰው ያዳምጥ ነበር” ይሉለታል። ለዚህ ልማድ ትልቅ ክብር አለኝ። ሐረር ሰውን በአንድ ቀን አትጥልም፤ በአንድ ቀንም አታነግሥም።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው ከንቲባ ነው። ለረጅም ጊዜ ወንበሩ በኦሮሞና በሶማሌ ድርጅቶች መካከል በምክር ቤቱ አጋማሽ ዘመን ይቀያየር ነበር። መራጩ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይተካል።

ወደ ሐረር ስንመለስ፣ ከለውጡ በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንት ኦርዲን በድሪ ናቸው። አጀማመራቸው ከባድ ነበር። በ2011 ከተማዋ ለሳምንታት ውሃ አጣች፤ ቆሻሻም በየመንገዱ ተከመረ። ያኔ ስማቸው በመልካም አይነሳም ነበር። ክልሉን ይመራ የነበረው ፓርቲ፣ ሐብሊም (የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ)፣ በ2012 ከብልጽግና ጋር ተዋሐደ። ኅዳር 2016 የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግን ደስታው የሁሉም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው መለኪያ የኮሪደር ልማቱ ነው። ሰፈሩ አምሮ፣ ማታ መብራት በርቶለት በእግሩ የሚንሸራሸረው ያመሰግናል። ሱቁ የተነካበት ነጋዴ ገና አልወሰነም። ቧንቧው ደግሞ አሁንም በተራ ነው የሚመጣው።