ዲክ ቫይታል፦ ስለ ጩኸታሙ ተንታኝ በተሳሳተ መንገድ የሚታመኑ ነገሮች

የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን የሚከታተል ሁሉ የዲክ ቫይታልን ጩኸት ያውቀዋል። ስለ ሰውየው የሚወራው ግን ብዙው የተዛባ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ማሠልጠን ስላቃተው ቴሌቪዥን ገባ»

ያልሆነለት ኤንቢኤ (የባለሙያዎቹ ሊግ) ላይ ነው እንጂ ኮሌጅ ላይ አይደለም። ከ1973 እስከ 1977 የዲትሮይት ዩኒቨርሲቲን ሲያሠለጥን 78 ጨዋታ አሸንፎ 30 ብቻ ተሸነፈ። በመጨረሻው ዓመት በተከታታይ 21 ጨዋታ ሲያሸንፍ የማርኬት ዩኒቨርሲቲንም በራሱ በማርኬት ሜዳ ላይ ረትቷል፤ ያው ማርኬት በዚያው የውድድር ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ቀጥሎ ያሠለጠነው የኤንቢኤ ቡድን ዲትሮይት ፒስተንስ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1978–79 ቡድኑ 30 አሸንፎ 52 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዘመን ከመጀመሪያዎቹ 12 ጨዋታዎች 8ቱን ሲሸነፍ ቫይታል ኖቬምበር 8፣ 1979 ተሰናበተ። እንዲያውም ክለቡን የጎዳው የሽንፈቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። በእርሱ ጊዜ ተጫዋቹን ቦብ ማካዱን ከቦስተን ለማምጣት ፒስተንስ ሁለት የ1980 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት (አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ) ዕድሎችን ሰጠ። አንዱ 1ኛ ዕድል ሆኖ ወጣ። ቦስተን ሁለቱን ለሌላው ቡድን ለጎልደን ስቴት አስተላልፎ ሮበርት ፓሪሽንና 3ኛውን ዕድል ወሰደ፤ በ3ኛው ኬቨን ማክሄልን መረጠበት። ፓሪሽም ማክሄልም የቦስተን ኮከቦች ሆኑ፤ ቫይታል ለዚህ ቢወቀስ አይበዛበትም።

«ቴሌቪዥን ከጥንቱም ሕልሙ ነበር»

ከተባረረ ወር ሳይሞላው፣ ዲሴምበር 5፣ 1979 የዲፖልና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ሲጫወቱ ማይክሮፎን ያዘ። ኢኤስፒኤን ራሱ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ቫይታል የሚያስበው ወደ አሠልጣኝነቱ ስለመመለስ ነበር።

«ጨዋታውን የሚያስተላልፈው እሱ ነው»

አይደለም። ኳሱ ማን እጅ እንዳለ፣ ውጤቱን፣ የቀረውን ሰዓት የሚናገረው አጠገቡ ያለው አስተላላፊ ነው። ተንታኙ «ለምን?» የሚለውን ይመልሳል፤ ለዚህም ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። አንድ ቡድን ካልወረወረ ኳሱን ይዞ የሚቆየው ቢበዛ 30 ሴኮንድ ስለሆነ፣ የጀመሩትን ሐሳብ ኳሱ የመሐል መስመሩን ሳያልፍ መጨረስ ያስፈልጋል። አለበለዚያ የአስተላላፊው ድምፅ ላይ መውጣት ይመጣል። የእያንዳንዱ አጋማሽ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ወደ ታች ሲቆጥር ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ሲያንስ፣ ጨዋታው መጀመሪያ በቆመበት ቅጽበት ማስታወቂያ ይገባል። ረጅም ማብራሪያ ይዞ እዚያ የደረሰ ይቆረጥበታል።

ወደ ትንተና አዲስ የገቡ የቀድሞ አሠልጣኞች በብዛት የሚሳሳቱት በድጋሚ ምስሉ ላይ ነው። አጥቂው ጓደኛው ከለላ ሲሠራለት (ተከላካዩን በሰውነቱ ሲዘጋለት) ሦስት ነጥብ አስቆጠረ እንበል። ደካማው ተንታኝ «እንዴት ያለ ተኳሽ ነው!» ይላል፤ ይህንማ ተመልካቹም አይቷል። ጎበዙ «ተከላካዩ ከከለላው ጀርባ ዞሮ ሄደ፤ ለተኳሽ ይህን ያህል ክፍተት አይሰጥም» ብሎ ምስሉ ሳያልቅ ይጨርሳል።

«አሠልጣኝ የነበረ ሰው ማጥናት አያስፈልገውም»

ቫይታል ኮሌጅ ሲያሠለጥን የማጥቂያ ሰዓትም (ሳይወረውሩ ኳስ ይዞ የመቆያ ገደብ)፣ የሦስት ነጥብ መስመርም አልነበረም። ሰዓቱ በ1985–86 በ45 ሴኮንድ ተጀመረ፤ መስመሩ በዓመቱ ተከተለ። 30 ሴኮንድ የሆነው በ2015–16 ነው። በ1977 እውቀት ብቻ ዛሬ የሚተነትን ሰው አንድ አጋማሽ ሳይሞላ ይታወቅበታል።

«ፋይናል ፎርን በየዓመቱ ሲተነትን ኖሯል»

የኮሌጅ ሻምፒዮናው የመጨረሻ አራት ቡድኖች የሚገናኙበትን ይህን ውድድር የማስተላለፍ መብቱ ከ1982 ጀምሮ የሌላው ጣቢያ የሲቢኤስ ስለነበረ ዕድሉ አልነበረውም። ፋይናል ፎርን መጀመሪያ የተነተነው በ2013 ሲሆን፣ ያውም ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተመልካቾች ነው። ወደ ቅርጫት ኳስ ዝነኞች አዳራሽም በ2008 የገባው በአሠልጣኝነት ሳይሆን ለስፖርቱ ባበረከተው አስተዋጽኦ ነው።

«ድምፁን ካመመው ወዲህ አቁሟል»

በ2023 የድምፅ አውታሩ ላይ ካንሰር ተገኘበት፤ ለሁለት ዓመት ገደማም ከማይክሮፎኑ ራቀ። ፌብሩዋሪ 8፣ 2025 ግን በ85 ዓመቱ ተመልሶ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የዱክ ዩኒቨርሲቲን 77 ለ71 ያሸነፈበትን ጨዋታ ተንትኗል።