የእንቅልፍ ቁርኝት ምንድን ነው?

የእንቅልፍ ቁርኝት ማለት አንድ ሕፃን እንቅልፍ ሲወስደው አብሮት የነበረውን ነገር፣ የእናቱን ጀርባ፣ የአንቀልባውን ውዝዋዜ፣ በአፉ የያዘውን ጡት ወይም የተኛበትን ፍራሽ፣ ከእንቅልፉ ጋር አንድ አድርጎ መልመዱ ነው። ልማዱ ከጸና በኋላ ያ ነገር በሌለበት እንቅልፍ አይመጣለትም፤ ሌሊት በነቃ ቁጥርም መልሶ የሚፈልገው ያንኑ ነው። በየቤቱ «እሹሩሩ ካላሉት አይተኛም» የሚባለው ልጅ እንቅልፉ ከውዝዋዜ ጋር የተቆራኘበት ልጅ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሕፃን ታቅፎ በባጃጅ የተጓዘ ሰው ነገሩን በቅርብ አይቶታል። ባጃጁ መንቀሳቀስ ከመጀመሩ ልጁ ዐይኑን ይከድናል፤ በመንገድ ላይ ጥሩምባውም ሆነ የሞተሩ ድምፅ አይቀሰቅሰውም፤ ባጃጁ ከቤት ደጃፍ ሲቆም ግን፣ ገና ሒሳብ ሳይከፈል፣ ዐይኑን ይገልጣል። የቀሰቀሰው ድምፅ ሳይሆን እንቅልፉን ተሸክሞለት የነበረው እንቅስቃሴ መቆሙ ነው።

እንቅልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ አይደለም። ቀላልና ከባድ እንቅልፍ እየተፈራረቁ በዙር ይሄዳሉ፤ የአዋቂ ሰው አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ሲወስድ የጨቅላ ሕፃን ዙር ግን ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ቢሆን ነው። በዙሩ መጨረሻ ሁላችንም ለአፍታ ነቃ እንላለን፤ ትራሳችንን አስተካክለን፣ ጋቢያችንን ሳብ አድርገን ወዲያው ስለምንተኛ ጠዋት አናስታውሰውም። ሕፃኑም እንዲሁ ነቃ ሲል፣ አካባቢው እንቅልፍ ሲወስደው እንደ ነበረው ከሆነ መልሶ ያሸልባል፤ በሰው ጀርባ ላይ አንቀላፍቶ ራሱን ብቻውን ፍራሽ ላይ ካገኘው ግን ያለቅሳል። አልጋው ላይ የተኛ ሰው ሌሊት ሲነቃ ራሱን በጣና መካከል ታንኳ ላይ ቢያገኘው አይጮህም ማለት አይቻልም። ልቅሶው ቅብጠት አይደለም፤ የጠፋበትን ነገር መጥራቱ ነው። ስለዚህ «ሌሊቱን ሙሉ ተኛ» የሚባለው ሕፃንም ጭራሽ ያልነቃ ሳይሆን፣ ነቅቶ ማንንም ሳይጠራ ተመልሶ የተኛ ነው።

ይህን ሁሉ ማለቴ ማዘልን ለመንቀፍ አይደለም። በጃፓን የሪኬን ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ ሕፃን ታቅፎ የሚራመድ ሰው ሲሸከመው ልቅሶው ጋብ ይላል፣ የልቡ ምትም ይረጋጋል። እዚያው እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ተከታይ ጥናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑን የሚቀሰቅሰው ጀርባው ፍራሹን መንካቱ ሳይሆን አካሉ ከያዘው ሰው አካል መላቀቁ መሆኑ ታይቷል። እናቶቻችን በአንቀልባ አዝለው እየተንጎራደዱ ልጅ ሲያባብሉ ያደረጉት ነገር ከሕፃኑ ተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ በአራስነት ጊዜ፣ ሕፃንን በማዘልና በማቀፍ ማበላሸት አይቻልም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የመጨረሻዋን ደቂቃ፣ ዐይኑ የሚከደንባትን ቅጽበት፣ ሕፃኑ የት ሆኖ ያሳልፋታል?

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ባሕር ዳር ውስጥ ሽምብጥ ሰፈር ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ ነበር። አማቴ ሊያርሱኝ ከገጠር መጥተው ልጁን ከጀርባቸው አላወረዱትም፤ እኔም ዕረፍት ስላገኘሁበት ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ እያዘሉ ግቢውን ይዞሩና፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ሲል «ተኛልሽ» ብለው ቀስ አድርገው ያወርዱታል። አንቀልባው ሲፈታ ትንፋሹ ይቀየራል፤ ጭንቅላቱ ፍራሹን ሊነካ ሲል ሁለት እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከፍቶ ይበረግግና ይጮኻል፤ አማቴም «ጀርባዬን ለመደ እኮ ልጄ» እያሉ መልሰው ያዝሉታል። ይህ በአንድ ምሽት አራት ጊዜ የተደጋገመበት ቀን አለ። መበርገጉ በጨቅላ ሕፃናት ሁሉ ላይ የሚታይ ተፈጥሯዊ ምላሽ ሲሆን ጭንቅላት ድንገት ወደ ኋላ ሲወርድ ይነሣል፤ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜም ይጠፋል። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከመቀመጫው ጀምሬ አስቀምጠው ነበር።

ችግሩ የከፋብን አማቴ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ታሪክም እንዲህ ይመስለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። አራሷ የምታርፍበት ጊዜ አልቆ ወደ ሥራ የምትመለስበት ወቅት ሕፃኑ 3 ወር ከሚሆንበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ በዚያው ጊዜ ገደማ የእንቅልፉ አሠራር ወደ አዋቂው እየተጠጋ፣ በዙሮቹ መካከል የሚነቃውም በግልጽ እየነቃ ይመጣል። እናት በቀን ሥራ ላይ፣ በሌሊት እሹሩሩ ላይ ስትሆን ሰውነቷ አይችለውም።

ቁርኝቱን ለመለወጥ መቸኮል ግን አይገባም። ከ4 ወር በፊት ሕፃኑ ራሱን ማረጋጋት ይችላል ብሎ መጠበቅ ከዐቅሙ በላይ መጠየቅ ነው፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነም ዕድሜው መቆጠር ያለበት ሊወለድ ከነበረበት ቀን ነው። ሌሊት ጡት መፈለጉም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራበው ሕፃን መጥባት አለበት፤ ውዝዋዜን መቀነስ ጡት መከልከል ማለት አይደለም።

መንገዱ የሚጀምረው ከቀን ነው። ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንዲተኛ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የባሕር ዳር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ ሕፃኑ ቀንና ሌሊትን እንዲለይ ትልቅ እገዛ ናት፤ ጠዋት ወደ ደጅ ብርሃን ማውጣት፣ ሲመሽ ደግሞ መብራቱንና የቴሌቪዥኑን ድምፅ መቀነስ ይበቃል። ከዚያ በየምሽቱ የማይለወጥ አጭር ቅደም ተከተል ይያዛል፦ ሰውነቱን ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ማጥባት፣ ማስገሳት፣ ከዚያም ያው አንድ ዜማ። ጡቱ ከዜማው ቢቀድም ይሻላል፤ አለዚያ ውዝዋዜው ቀርቶ በምትኩ ጡቱ ራሱ የእንቅልፍ ቁርኝት ይሆናል።

ዋናው ሥራ ግን እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ ሲያዛጋ፣ ዐይኑን ሲያሽ፣ እይታው ሲፈዝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ ይቀመጣል። መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ ፍራሹን ይነካል፤ የያዘው እጅ ወዲያው አይነሣም፣ መዳፉ ደረቱ ላይ ይቆያል። ቢነጫነጭ ዜማው ይቀጥላል፣ ደረቱ መታ መታ ይደረጋል፤ ካልሆነ ይነሣል፣ ይረጋጋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ውዝዋዜውንም በአንድ ሌሊት መቁረጥ አያስፈልግም፤ እየተራመዱ ማወዛወዝ ለጥቂት ቀን ቆሞ ወደ ማወዛወዝ፣ ቆሞ ማወዛወዝ ተቀምጦ ወደ ማቀፍ፣ ማቀፍ ደረቱ ላይ እጅ ወደ ማድረግ ይወርዳል። ሁለተኛዋን ልጄን በዚህ መንገድ ሳስለምዳት በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከግማሽ ሰዓት በላይ አልጋዋ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ወገቤ ተሰብሯል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እጄ ከሚያስፈልጋት ይልቅ ድምፄ ይበቃት ጀመር።

ስለ ልቅሶው የምትጨነቅ እናት ትክክል ናት። ብቻውን ዘግቶ እስኪደክም ማስለቀስ የግድ አይደለም፤ እኔም አላደረግሁትም። ሆኖም ለጥቂት ደቂቃ የሚያለቅስ ልጅ ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ከመጠን ያለፈ ነው፤ በአውስትራሊያ በ43 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንቅልፍ ቀስ በቀስ ያስለመዷቸው ሕፃናት ከዓመት በኋላ ከእናታቸው ጋር ባላቸው ትስስርም ሆነ በጠባያቸው ከሌሎቹ የከፋ ነገር አላገኘባቸውም። ልጁ ካተኮሰው፣ አልጠባም ካለ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ልምምዱ ቀርቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ብቻውን የሚተኛበት ቦታ ደኅና ካልሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ባለና በማይሰረጉድ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ መተኛት አለበት። በጣና ዳር ወባ ስላለ አጎበሩ አይቀርም፤ ጫፉ በፍራሹ ሥር ተወትፎ ሕፃኑ ፊት ላይ እንዳይወድቅ መወጠር አለበት። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ጋቢ መደረብ ይበዛበታል፤ አንገቱ ሥር ሲዳሰስ ላብ ካለው ልብሱ ይቀነስ። ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ሕፃን በተኛበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

ቀን ቀን ሞግዚቷ ወይም አያቱ ቢያዝሉት ማታ የተለመደው አይፈርስም፤ ሕፃናት የሰውንና የቦታን ልዩነት ቶሎ ይለያሉ። አማቴ ለሁለተኛዋ ሲመጡም አንቀልባቸውን ይዘው ነው የመጡት። ቀን አዘሏት፤ ማታ አጎበሩን ገለጥ አድርገው ያስተኟታል፣ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አኑረው ያንኑ እሹሩሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያሰሙና፣ ዐይኗ ሳይከደን አጎበሩን መልሰው ይወትፋሉ።