ስለ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር የፋሲል ከነማ ከተማ ናት፤ የስፖርት ወሬ ሲነሳ እግር ኳስ ይቀድማል። በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ስለ አሰልጣኝነት የሚሉትን ስሰማ ግን ዝም ማለት ይከብደኛል። ልባቸውን የሚሰብር አባባል ይበዛበታል።

«ጎበዝ አሰልጣኝ የሚወጣው ከኮከብ ተጫዋች ነው።»

እውነታው፦ ስቲቭ ከር እ.ኤ.አ. በ1988 በኤንቢኤ (የአሜሪካ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የተመረጠው 50ኛ ሆኖ ነው። አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ግን እንቅልፍ አልነበረም። በ1997 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ማይክል ጆርዳን በሁለት ተከላካይ ሲያዝ ኳሱን ለከር አቀበለው፤ ከር አስቆጠረ፣ ቺካጎ ቡልስም ዋንጫውን ወሰደ። ከሦስት ነጥብ ርቀት ከወረወራቸው 45.4 በመቶውን አስቆጥሯል፤ ብዙዎቹ ዝነኞች እዚህ ቁጥር አልደረሱም። በተጫዋችነት 5፣ በጎልደን ስቴት ዋሪየርስ አሰልጣኝነት 4 ዋንጫ አለው።

ማጂክ ጆንሰንን ደግሞ እዩት። ከእሱ የሚበልጥ ኮከብ ከየት ይመጣል? በ1994 ሌከርስን ለ16 ጨዋታ አሰልጥኖ፣ 5 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ተወው። ሌላው ኮከብ ላሪ በርድ በበኩሉ ያለ ምንም የአሰልጣኝነት ልምድ ኢንዲያና ፔሰርስን ይዞ በ2000 ለፍጻሜ አደረሰ። ኮከብነት ለአሰልጣኝነት ዋስትናም እንቅፋትም አይደለም።

«መጫወት ስታቆም ሥራው ይጠብቅሃል።»

አይጠብቅም። ከር በ2003 መጫወት አቁሞ ቡድን የተረከበው በ2014 ነው። በመሃል የቴሌቪዥን ተንታኝ፣ ቀጥሎም የፊኒክስ ሰንስ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በኋላ 11 ዋንጫ በአሰልጣኝነት የሰበሰበው ፊል ጃክሰንም ቺካጎ ከመድረሱ በፊት በአልባኒ፣ በአነስተኛ ሊግ ነው ያሰለጠነው።

«መጀመሪያ መጫወት፣ ከዚያ ማሰልጠን።»

ቢል ራስል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሠርቷል፤ ቦስተን ሴልቲክስን እያሰለጠነም እየተጫወተም በ1968 እና በ1969 ሻምፒዮን አድርጓል።

«የሴት ሥራ አይደለም።»

ይህ በጣም ያናድደኛል። ቤኪ ሃሞን የረጅም ዘመን ተጫዋች ነበረች። ታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ዋናው አሰልጣኝ ከሜዳ ሲባረሩ የወንዶቹን ቡድን ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን መርታለች፤ በ2022 ደግሞ የሴቶቹ ቡድን የላስ ቬጋስ ኤሲስ ዋና አሰልጣኝ በሆነችበት የመጀመሪያ ዓመት ዋንጫ አንስታለች። ጎንደር ውስጥ ታናናሾቿን ኳስ ማንጠር የምታስተምር ልጅ ካለች፣ ሥራውን ጀምራዋለች።